ስለ አርመናዊው ሠዓሊ ስለ ዳዊት ኦሃኔሲያን፦ ኢየሩሳሌም ተሳላሚዎችን ለምትመሩ ሁሉ ግልጽ ደብዳቤ

በኢየሩሳሌም ለሚገኙት የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ገዳማት አባቶች፣
በየዓመቱ ለትንሣኤ ተሳላሚዎችን ይዛችሁ ለምትወጡ መንፈሳውያን ማኅበራትና የጉዞ ድርጅቶች፣
የተሳላሚ መምሪያ መጻሕፍትን በአማርኛ ለምታዘጋጁ ወንድሞችና እኅቶች፣

ሰላመ እግዚአብሔር ከሁላችሁ ጋር ይሁን።

ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሣሣኝ፣ ተሳላሚያችን በቅድስት ከተማ በየደረሰበት የሚያያቸውና ከፊታቸው ቆሞ ፎቶግራፍ የሚነሣባቸው በሥዕል ያጌጡ የሴራሚክ ሰሌዳዎች የማን እጅ ሥራ እንደሆኑ የሚነግረው ሰው ማጣቱ ነው። አንዱ መሪ «የቱርክ ናቸው» ይላል፤ ሌላው «የዐረብ ናቸው» ይላል፤ አብዛኛው ደግሞ ምንም ሳይል ያልፋቸዋል። ይህን ሙያ ከእልቂት አትርፈው ወደ ኢየሩሳሌም ያመጡት ሰው ግን ዳዊት ኦሃኔሲያን ይባላሉ፤ በራሳቸው ቋንቋ አጠራር ታቪት። የምጠይቃችሁም የእኚህ አርመናዊ ስደተኛ ስምና ሥራ በመምሪያ መጻሕፍታችሁና በመሪዎቻችሁ አንደበት በትክክል እንዲነገር፣ ተሳላሚውም ሙያው ከየት እንደ መጣ በዓይኑ እንዲያይ በአርመኖች የቅዱስ ያዕቆብ ካቴድራል የሚቆምበት ሰዓት እንዲመደብለት ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ኦሃኔሲያን የተወለዱት በ1884 በምዕራብ አናቶሊያ፣ ከእስኪሸሂር ከተማ ብዙ በማትርቅ መንደር ነው። ሙያቸውን የተማሩባት ኩታህያ አርመኖችና ቱርኮች ጎን ለጎን ሆነው ለብዙ መቶ ዓመታት ሸክላ ሲያበጁ፣ ቀለም ሲቀምሙና ሰሌዳ ሲሥሉ የኖሩባት ከተማ ነበረች። ስለዚህ «የቱርክ» የሚለው መሪ ፈጽሞ ተሳሳተ አይባልም፤ ጉድለቱ ግማሹን ብቻ መናገሩ ነው። በዚያች ከተማ የአርመን ባለሙያ ለመስጊድም ለቤተ ክርስቲያንም ይሥል ነበር። ኦሃኔሲያን ራሳቸው የታወቀ የሴራሚክ ሥራ ቤት ባለቤት ከሆኑ በኋላ፣ የኦቶማን መንግሥት ጥንታዊ ሕንፃዎቹን ሲያሳድስ ከአርክቴክቱ ከከማለዲን ጋር ሠርተዋል። ሥራቸው ባሕር ተሻግሮ እስከ እንግሊዝ ደርሷል፤ ማርክ ሳይክስ የተባለው እንግሊዛዊ ባላባት በዮርክሻየር የሚገኘው ቤቱ በ1911 ሲቃጠልበት፣ በአዲሱ ሕንፃ ውስጥ አንድ ክፍል በኢስታንቡል መስጊድ አምሳል በሰሌዳ እንዲለብስ ያዘዘው እሳቸውን ነው። ይህ ሳይክስ ቆይቶ ከፈረንሳዩ ፒኮ ጋር የመካከለኛውን ምሥራቅ ካርታ የተከፋፈለው ያው ሰው ነው፤ ወደ ታሪኩ ስለሚመለስ ስሙን እንያዘው።

ሥራው እንዴት እንደሚሠራ ጥቂት ልበል፤ ምክንያቱም ተሳላሚው ይህን ቢያውቅ ሰሌዳውን የሚያይበት ዓይን ይለወጣል ብዬ አምናለሁ። ንድፉ መጀመሪያ በወረቀት ላይ ይነደፋል፤ ከዚያም መሥመሩ ሁሉ በመርፌ ይበሳሳል። የተበሳሳው ወረቀት ነጭ በተቀባው ሰሌዳ ላይ ተነጥፎ የከሰል ዱቄት በቋጠረ ጨርቅ መታ መታ ሲደረግ፣ ዱቄቱ በቀዳዳዎቹ አልፎ የሥዕሉን ምልክት ከታች ይተዋል። ሠዓሊው ያንን ምልክት ተከትሎ በቀጭን ብሩሽ ጥቁር መሥመር ያወጣል፤ በመሥመሮቹ መካከልም ከኮባልት የሚገኘውን ደማቅ ሰማያዊ፣ ከመዳብ የሚገኘውን ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ፣ አረንጓዴውንና ብረት ከበዛበት አፈር የሚወጣውን ቀይ እየሞላ ይሄዳል። በመጨረሻ መስታወት የሚሆነው ፈሳሽ ይደረብበትና ወደ እቶን ይገባል። ነገሩን ከባድ የሚያደርገው ሰማያዊው ቀለም እሳት ሳይነካው በፊት ጠቆር ያለ ዐመድማ መሆኑ ነው። ሠዓሊው የሚሥለው በዚያች ሰዓት የሚያየውን አይደለም፤ ከእሳቱ በኋላ የሚወጣውን አስቦ ነው። እኔ በሸራ ላይ ቅዱሳት ሥዕላትን የምሥል ሰው ነኝ፤ የቀለም ስሕተቴን እዚያው አይቼ አስተካክላለሁ። እነሱ ግን እቶኑ በርዶ እስኪከፈት ድረስ የሠሩትን አያውቁትም፤ በተከፈተም ጊዜ የተሰነጠቀውንና ቀለሙ የፈሰሰውን ለይተው ይጥላሉ። ለዚህ ሙያ የአፈሩን ዓይነት፣ የማዕድኑን ልክና የእሳቱን ጠባይ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል፤ ያ ሰው ከሞተ ወይም ከአገሩ ከተነቀለ ሙያው አብሮት ይሄዳል።

በ1915 የኦቶማን መንግሥት በአርመን ሕዝብ ላይ ማሳደድና እልቂት ሲጀምር የኩታህያ አርመኖች ለጥቂት ጊዜ ከለላ አግኝተው ነበር። የአውራጃው ገዥ የነበረው ፋይቅ አሊ ቤይ የተባለ ሙስሊም፣ በግዛቱ ያሉትን አርመኖች እንዲያባርር የመጣለትን ትእዛዝ አልፈጽምም ብሎ ነበርና። ይህ ሰው ስሙ ሊታለፍ አይገባም፤ ታሪኩን የምንናገር ሁሉ አሳዳጁን ስንጠቅስ ያልታዘዘውንም መጥቀስ አለብን። ኦሃኔሲያን ግን ከለላው አላዳናቸውም። በ1916 መጀመሪያ ተይዘው ከባለቤታቸውና ከልጆቻቸው ጋር ወደ ሶርያ ተጋዙ። በዚያ መንገድ ላይ ስንት ሕዝብ በረሃብ፣ በተስቦና በጥይት እንዳለቀ ዓለም ያውቀዋል፤ እኔ እዚህ አልዘረዝረውም። ቤተሰቡ ሐለብ ደረሰ፤ ጦርነቱ እስኪያልቅም በዚያ ኑሮውን በመከራ ገፋ። የመስጊድን ግድግዳ ያስጌጡ እጆች ሥራ ፈት ሆኑ።

በ1918 መጨረሻ ማርክ ሳይክስ ለሥራ ሐለብ ሲገባ ኦሃኔሲያንን በስደተኛነት አገኛቸው። በዚያው ወቅት በኢየሩሳሌም የእንግሊዝ ወታደራዊ ገዥ የነበረው ሮናልድ ስቶርስ፣ በአሮጌው ከተማ ያለውንና ባለ ወርቃማ ጉልላቱን የእስልምና መቅደስ፣ የቁብተ ሰኽራን ሰሌዳቸው በየቦታው የሚረግፍ ግድግዳዎች የሚያድስ ባለሙያ ይፈልግ ነበር። ሳይክስም እኚህን ሰው ጠቆመ። እንዲህ ሆኖ ክርስቲያን በመሆናቸውና አርመን በመሆናቸው የተሳደዱት ሰው፣ በእስልምና እጅግ ከሚከበሩት ሕንፃዎች አንዱን ያድሱ ዘንድ ወደ ኢየሩሳሌም መጡ። በ1919 ወደ ኩታህያ ተመልሰው ለሥራው የሚሆነውን ማዕድንና ባለሙያ ፍለጋ ሄዱ፤ ይዘዋቸው ከተመለሱት መካከል ሸክላ ሠሪው ንሻን ባሊያንና ሠዓሊው መግርዲች ካራካሺያን ይገኙበታል።

እዚህ ላይ መሪዎቻችንን አደራ የምለው አንድ ነገር አለ። አንዳንዶች አርመኖቹን ያወደሱ እየመሰላቸው «የቁብተ ሰኽራን ሰሌዳ ሁሉ የሠሩት እነሱ ናቸው» ሲሉ ሰምቻለሁ። እንዲህ አይደለም። ኦሃኔሲያን የናሙና ሰሌዳዎች ሠርተዋል፤ ነገር ግን ሥራው በገንዘብ እጥረትና በአስተዳደር ለውጥ ምክንያት በታሰበው ስፋት በእሳቸው እጅ አልተፈጸመም፤ የሙስሊሞች ከፍተኛ ምክር ቤት ጉዳዩን ሲረከብ ከቱርክ አርክቴክት አስመጣ፤ የመጣውም ቀድሞ ከእሳቸው ጋር የሠራው ያው ከማለዲን ነበር። ዛሬ በሕንፃው ላይ የሚታየው ሰሌዳ በአብዛኛው በ1960ዎቹ የተለጠፈ ነው። ለሰው ያልሠራውን መስጠት የሠራውን እንደ መንሣት ያህል ጥፋት ነው፤ ተሳላሚ የሰማውን በአገሩ ሁሉ የሚያወራ ሰው በመሆኑም ስሕተቱ ሩቅ ይደርሳል።

የሠሩትስ ምንድን ነው? ኦሃኔሲያን የመጡበት ሥራ ቢቀርም ከተማይቱን አልለቀቁም። በፍኖተ መስቀል ላይ፣ ተሳላሚያችን «ክርስቶስ ሆይ» እያለ በሚወጣበት በዚያው መንገድ፣ የራሳቸውን የሥራ ቤት ከፈቱ። ከእልቂቱ የተረፉ አርመኖች፣ ከነሱም ውስጥ ወላጆቻቸውን ያጡ ልጆች፣ በዚያ ቤት ቀለም መበጥበጥና ብሩሽ መያዝ ተማሩ። በ1922 ባሊያንና ካራካሺያን ተለይተው በናብሉስ መንገድ የራሳቸውን ቤት ሲያቋቁሙ፣ ሙያው በከተማይቱ ሁለት ሥር ያዘ። የእንግሊዝ አስተዳደር የአሮጌውን ከተማ የመንገድ ስሞች በሴራሚክ እንዲጻፉ ሲያደርግ ሥራው የተሰጠው ለኦሃኔሲያን ነበር። የስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን በሒኖም ሸለቆ አናት ላይ ባሠራችው የቅዱስ እንድርያስ መታሰቢያ መግቢያ ላይ ያለው ሰሌዳ የእሳቸው ነው። በሮክፌለር ሙዚየም ግቢ ውስጥ ከውኃው ገንዳ በላይ ያለውን ቅጠልና አበባ የሞላበትን ሰማያዊ እልፍኝ የሠሩትም እሳቸው ናቸው። ተሳላሚው ከደማስቆስ በር ወጥቶ ወደ ምሥራቅ ቢራመድ ሙዚየሙን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ያገኘዋል፤ ከጉዞ ፕሮግራሙ የሚወስደው ጊዜ ለገበያ ከምንሰጠው ያንሳል።

ኢትዮጵያዊ ተሳላሚ ይህን ሁሉ ለምን ይስማ የሚል ቢኖር፣ መልሱ ከኛው ታሪክ ውስጥ ነው። በ1924 ራስ ተፈሪ መኰንን ወደ አውሮፓ በሚያልፉበት ጊዜ ኢየሩሳሌምን ሲሳለሙ፣ በአርመን ገዳም ከእልቂቱ የተረፉ ወላጅ አልባ ልጆች በሙዚቃ ጓድ ተሰልፈው ሲነፉ ሰሙ። አርባውን ወደ ኢትዮጵያ አመጧቸው። አዲስ አበባ «አርባ ልጆች» ብላ የምታስታውሳቸው እነዚህ ናቸው፤ አስተማሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያንም «ኢትዮጵያ ሆይ ደስ ይበልሽ» ለሚለው የቀድሞው ብሔራዊ መዝሙራችን ዜማውን ደረሱ። በዚያው ዓመት፣ በዚያችው ከተማ፣ ከዚያው እልቂት የተረፉ ሌሎች ልጆች በፍኖተ መስቀል ላይ ብሩሽ ይዘው ነበር። አንዱን ወገን እንደ ቤተሰብ ስናስታውስ ሌላውን በስም እንኳ አለማወቃችን የሚያስተዛዝብ ነው። ከዚያ በፊትም ቢሆን፣ በኢየሩሳሌም ያሉ የኛ መነኰሳት ርስታቸውን አጥተው በተቸገሩባቸው ዘመናት ከአርመን ገዳም የዕለት እንጀራ ይሰጣቸው እንደነበር የገዳማቱ አባቶች ከኔ በተሻለ ያውቃሉ። በዶግማም የአንድ ቤተሰብ አብያተ ክርስቲያናት ነን።

በ1948 የዐረብና የእስራኤል ጦርነት ሲነሣ ኦሃኔሲያን ለሁለተኛ ጊዜ ተሰደዱ። የሠላሳ ዓመት ሥራቸውን፣ እቶናቸውንና ንድፎቻቸውን ትተው ወጡ፤ በ1953 በቤይሩት ዐረፉ። የሥራ ቤታቸው አልቀጠለም። ሙያው የቀጠለው አብረዋቸው በመጡት በባሊያንና በካራካሺያን ቤተሰቦች እጅ ነው። በአሮጌው ከተማ ያሉትን የመንገድ ስሞች ልብ ብሎ ለሚያይ ታሪኩ ከነስፌቱ ይታያል፤ በዮርዳኖስ አስተዳደር ጊዜ በዐረብኛና በእንግሊዝኛ ብቻ በተጻፉት ላይ፣ ከ1967 በኋላ የዕብራይስጡ ሰሌዳ ከላይ ተጨምሮ በክፈፉ ውስጥ መጋጠሚያው ቁልጭ ብሎ የሚታይባቸው አሉ። አገዛዝ በተለወጠ ቁጥር የሚጽፉት እነዚያው አርመኖች ነበሩ። ይህን ለተሳላሚው ለማሳየት ቆም ብሎ ጣትን መቀሰር ብቻ ይበቃል።

አሁን ስለ ቅዱስ ያዕቆብ ካቴድራል ልናገር፤ የልመናዬ ዋናው ክፍል ይህ ነውና። በካቴድራሉ ውስጥ ኤችሚያድዚን በተባለው ጸሎት ቤት ግድግዳ ላይ በ1718 እና በ1719 በኩታህያ የተሣሉ ሰሌዳዎች አሉ። የተሠሩት ለጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን እድሳት ታስቦ ነበር፤ እዚያ ሳይገቡ ቀርተው በዚህ ተለጠፉ። ከብሉይና ከሐዲስ ኪዳን ታሪኮች የተወሰዱ ሥዕላት ናቸው፤ ሥራቸው የተራቀቀ አይደለም። ፊቶቹ ክብ፣ ዓይኖቹ ትልልቅ፣ መሥመሮቹ ደፋር ናቸው፤ የጎንደርን ዘመን ሥዕል የለመደ ኢትዮጵያዊ እንግድነት የሚሰማው አይመስለኝም። በየሥዕሉ ግርጌ በአርመንኛ ጽሕፈት የሰጪዎቹ ስምና «አስቡን» የሚል ልመና ተጽፏል። ኦሃኔሲያን ኢየሩሳሌም ሲደርሱ የራሳቸው ከተማ ሥራ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ቀድሟቸው በግድግዳው ላይ ነበር። የሙያውን ሐረግ ከመነሻው ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ቦታ በኢየሩሳሌም አላውቅም።

ስለ ስም መጠራት የሚነሣውን ተቃውሞ አውቀዋለሁ። ከራሳችን ወገን አንዳንድ ደጋግ ሰዎች «ቅዱስ ሥራ የሠራ ሰው ስሙ በሰማይ ተጽፏል፤ በምድር መጥራቱ ለከንቱ ውዳሴ ነው» ይላሉ። አሳቡን አከብረዋለሁ፤ ነገር ግን የአባቶቻችን ልማድ አይደግፈውም። የብራና መጻሕፍታችን መጨረሻ ላይ «ለዘጸሐፎ ወለዘአጽሐፎ» እያሉ ጸሐፊውንና አጻፊውን፣ አንባቢውንና ሰሚውን ሳይቀር በአንድ ምሕረት ያሳስባሉ። በየገዳሙ ሥዕል ግርጌ ተንበርክኮ የተሣለው ባለጸጋ ስሙ ከራሱ በላይ ተጽፏል። ስም የሚጻፈው እንዲታሰቡበት ነው፤ የሚያስብ ሰው ደግሞ መጀመሪያ መስማት አለበት። ለኦሃኔሲያን ያለኝ ጥያቄ ለአጻፊ ባላባቶች ከሰጠነው በላይ አይደለም።

ሌላው የሚነሣው ደግሞ «እሳቸው ቅዱሳት ሥዕላትን የሣሉ ሰው አይደሉም፤ ቅጠልና አበባ ነው የሣሉት» የሚል ነው። እውነት ነው፣ አብዛኛው ሥራቸው የዛፍ፣ የወይን፣ የወፍና የአበባ ሐረግ ነው። ይሁን እንጂ የወይን ሐረግ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ምን ማለት እንደሆነ ለአባቶች አላስተምርም። በየሐረጉ መካከልም ልብስም ቤትም የሌለው አንድ ሠዓሊ ቤተሰቡንና ደቀ መዛሙርቱን ያበላበት እንጀራ አለ።

በተግባር የምለምነው እንዲህ ነው። የመምሪያ መጻሕፍት አዘጋጆች ስለ ፍኖተ መስቀል በሚጽፉበት ምዕራፍ ውስጥ ስለ ኦሃኔሲያን የሥራ ቤት ከአንድ ገጽ ያልበለጠ ጽሑፍ ቢያስገቡ፣ ሰውየው ማን እንደሆኑ፣ ከየት እንደ መጡ፣ ምን እንደሠሩና ምን እንዳልሠሩ ለይቶ ቢናገር ይበቃል። የጉዞ አዘጋጆች ከጽዮን በር ወደ አሮጌው ከተማ በሚያልፉበት ቀን ሰዓቱን አስተካክለው፣ የቅዱስ ያዕቆብ ካቴድራል ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ለሠርክ ጸሎት በሚከፈትበት ጊዜ ተሳላሚው ቆሞ እንዲጸልይ ቢያደርጉ፣ የኤችሚያድዚንን ጸሎት ቤት ለማየት ደግሞ የገዳሙን አለቆች ቀድመው ፈቃድ ቢጠይቁ መልካም ነው። ሳይጠይቁ ሃምሳ ሰው ይዞ በር ላይ መድረስ ግን ጸሎታቸውን ያውካል፣ እኛንም ያሳፍራል። የገዳማቱ አባቶች ይህን ፈቃድ በማስገኘት በኩል ያላቸው ቅርበት ከማንኛውም ድርጅት ደብዳቤ ስለሚበልጥ፣ አንድ ጊዜ ለሁሉም ተሳላሚ የሚሆን ስምምነት እንዲያስገኙልን በትሕትና እለምናለሁ።

ስጦታ የሚገዛውንም ተሳላሚ አንርሳ። በአሮጌው ከተማ ሱቆች በማሽን የታተመ ሰሌዳ «የአርመን» ተብሎ በብዛት ይሸጣል። በእጅ የተሣለውን ለመለየት መሥመሩን ቀረብ ብሎ ማየት ነው፤ የብሩሽ መሥመር ይወፍራል፣ ይቀጥናል፣ ሁለት ተመሳሳይ አበባዎችም ፈጽሞ አንድ አይሆኑም። የታተመው ግን ከዳር እስከ ዳር አንድ ልክ ነው። መሪዎቻችሁ ይህችን ያህል ቢነግሩት ተሳላሚው ገንዘቡን ሙያውን ጠብቀው ላቆዩት ቤተሰቦች ያውላል።

የመጪው ትንሣኤ መምሪያዎች ከዐቢይ ጾም በፊት ወደ ማተሚያ ቤት እንደሚገቡ አውቃለሁና፣ ጽሑፉን ለማዘጋጀት ለሚፈልግ ሁሉ ከላይ ያሉትን ቃላት ያለ ምንም ክፍያ፣ ስሜንም መጥቀስ ሳያስፈልገው እንዲጠቀምባቸው ፈቅጃለሁ። የካቴድራሉን ጉብኝት በተመለከተ የምትደርሱበትን ውሳኔ የጉዞ ምዝገባ ሳይጀመር ለተሳላሚው በግልጽ እንድታሳውቁልኝ እጠይቃለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
አንድ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ
አዲስ አበባ